የአምስት ዓመት ልጅም ወንበር ይሰጠው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። የአፀደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆችን ሳስተምር ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ዛሬ ልጆቻቸውን ይዘው ከሚመጡት እናቶች አንዳንዶቹ ራሳቸው ከእኔ እጅ የወጡ ናቸው። እስካሁን «ቲቸር» ነው የሚሉኝ።

የምጽፈው ስለ ሙዚቃ ነው። ትንንሽ ልጆች ክላሲካል ሙዚቃን፣ የአገራችንንም የውጪውንም፣ ተጫዋቹን ፊት ለፊት እያዩ የሚሰሙበት ዝግጅት በደሴና በኮምቦልቻ እንዲጀመር እፈልጋለሁ። አዳራሽ አለን። ተጫዋችም አለን። የጎደለው ልጆቹን «ኑ፣ ግቡ» የሚል ሰው ነው።

ደሴ ለሙዚቃ እንግዳ አይደለችም። የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ዘመንን የሚያስታውሱ ብዙ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። እነ ማሪቱ ለገሰ ያዜሙት ዜማ የዚህ አገር ነው። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የሚጠሩት በጎረቤቶቻችን ስም ነው። ከደሴ በሐይቅ በኩል ወደ ሰሜን ሲወጡ አምባሰል ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ ባቲ ነው። እኔ ክፍል ካሉት ልጆች ግን አብዛኞቹ ማሲንቆን በቅርብ አይተው አያውቁም ነበር። የሚያውቁት በቴሌቪዥን፣ የዓውደ ዓመት ፕሮግራም ሲመጣ ነው።

አንድ ቅዳሜ እዚሁ ከተማ የመሣሪያ ሙዚቃ ዝግጅት እንዳለ ሰማሁ። ዘፋኝ የለውም፣ መሣሪያ ብቻ ነው ተባለ። በጣም ደስ አለኝ። ጥቂት ወላጆችን አግባብቼ ከነልጆቻቸው ይዣቸው ሄድኩ። በሩ ላይ «ሕፃን አይገባም» ተባልን። «ይረብሻሉ» አሉን። ከውስጥ ክራር ሲቃኝ ይሰማል። አንዱ ልጅ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ አልንቀሳቀስም አለ። እናቱ እየጎተተች ነው የወሰደችው። ጥበቃውን አልወቅስም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ያዘዘውም ሰው ክፉ ሆኖ አይመስለኝም። ልጅ ያለቅሳል፣ ይሮጣል ብሎ ነው። ግን ካላስገባነው መቼ ሊለምድ ነው?

እኛም ወደ አዳራሹ መግባት ካልተቻለ ተጫዋቾቹን ወደ እኛ እናምጣ አልን። አንድ የከተማችን ልጅ አዲስ አበባ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊን ተምሯል። ለእረፍት መጥቶ ስለነበር ለመንነው። ሠርግ ላይ ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ አዛውንትም እሺ አሉን። የመጡበት ቀን ካፊያ ነበረ። በረንዳው ላይ ምንጣፍ አነጠፍን። ልጆቹ ጋቢና ሹራባቸውን ደርበው ተቀመጡ። ማይክ የለም። ስፒከር የለም። በተጫዋቾቹና በፊተኞቹ ልጆች መካከል የነበረው ርቀት አንድ እርምጃ ቢሆን ነው።

ስለዚያ ቀን ትንሽ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

አባባ (ልጆቹ እንዲያ ነው የጠሯቸው) መጀመሪያ ምንም አልተጫወቱም። ማሲንቋቸውን ለልጆቹ ሰጧቸው። ልጆቹ ቆዳውን ዳበሱት። ገመዱን ነካኩት። የፈረስ ጭራ መሆኑን ሲሰሙ ማመን አቃታቸው። አንዷ ልጅ «ፈረሱ አላመመውም?» አለች። አባባ በቁም ነገር መለሱላት፤ ፀጉር ሲቆረጥ እንደማያም ሁሉ እሱንም አላመመውም አሏት። ከዚያ ደጋናቸውን በሙጫ አሹና ተጫወቱ። ቀጥሎ ቫዮሊን ተጫዋቹ የእሱን ደጋን አሳያቸው። እሱም የፈረስ ጭራ ነው! እሱም ሙጫ ይታሻል። ቫዮሊን ተጫዋቹም፣ ሙጫ ያልነካው ጭራ ገመዱ ላይ ዝም ብሎ እንደሚንሸራተት፣ ሙጫ ሲነካው ግን ገመዱን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረገ እንደሚያንቀጠቅጠው አስረዳቸው። ድምፅ የሚወጣው ከዚያ መንቀጥቀጥ ነው። ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ ጣታቸውን በቫዮሊኑ ሆድ ላይ አሳረፉ። ሲንቀጠቀጥ ተሰማቸው። ይህን ለአምስት ዓመት ልጅ በስልክ ላሳየው ብል እንዴት አድርጌ?

ከዚያ አባባ በባቲ ቅኝት አንድ ዜማ ተጫወቱ። ቫዮሊኑ ያንኑ ዜማ እየሰማ ደገመው። አንዷ ተማሪዬ «ባቲ?» ብላ ብድግ አለች። አክስቷ ባቲ ናት። «ባቲ ግመል አለ» አለች፤ የሰኞውን ገበያ አይታ ነው። አባባም «አዎ፣ ይኼ የዚያ አገር ዜማ ነው» አሏት። ፊቷን ቢያዩት! ከዚያን ቀን ወዲህ ባቲን ስትሰማ ታውቀዋለች። ሙዚቃ አስተማሪ አይደለሁም፤ የድምፆቹን ርቀት በደንብ ላስረዳ አልችልም። ቅኝቱ የሚሠራው ከአምስት ድምፅ መሆኑን ነግሬያቸው በአምስት ጣታቸው ቆጥረዋል። ልጅቷ ግን ያለ ማንም ማብራሪያ ትለየዋለች።

በመጨረሻ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው የትኛው መሣሪያ እንደሆነ እንዲለዩ አደረግን። ማንም አልተሳሳተም ማለት ይቻላል። በምን እንዳወቁ ስጠይቅ አንዱ ስለ ማሲንቆው «ይኼኛው በአፍንጫው ነው የሚያወራው» አለኝ። ከዚህ የተሻለ መግለጫ ከትልቅ ሰውም አልሰማሁም።

አንድ ሌላ ልጅ አለ። የምረቃ ቀን ስፒከር ሲከፈት ጆሮውን ይዞ የሚያለቅስ ነው። ያን ቀን ከኋላ ተቀምጦ ጀመረ። ቀስ እያለ እየተንፏቀቀ መጥቶ ቫዮሊኑ እግር ሥር ደረሰ። በ2014 በጦርነቱ ከተማችን ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ያኔ በእቅፍ የነበሩ ልጆች ናቸው ዛሬ እኔ ክፍል ያሉት። ለስላሳ ድምፅ ይገባቸዋል።

ስለ ድምፅ መጠን ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። በየአፀደ ሕፃናቱ የምረቃ ቀን የምንደረድረው ስፒከር ለትልቅ ሰውም የሚከብድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሚመክረው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ድረስ ከ75 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ ነው። ድምፁ በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት ያጥራል። ጆሮ አንዴ ከተጎዳ ደግሞ አይመለስም። ያለ ስፒከር የሚጫወት ክራርና ዋሽንት የልጅ ጆሮ አይጎዳም። ልጁም እንዲሰማው ራሱ ዝም ይላል። ማንም «ጸጥ በሉ» ሳይላቸው ጸጥ ሲሉ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወላጆች ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «ቲቸር፣ ሙዚቃ መስማት አእምሮን ብሩህ ያደርጋል ይባላል፤ እውነት ነው?» እውነቱን ልንገራችሁ። ወሬው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣ አንድ ጥናት ነው። የተጠኑት ሕፃናት አልነበሩም፤ 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። ሞዛርትን ለአሥር ደቂቃ አዳምጠው በአንድ ዓይነት ፈተና ትንሽ የተሻለ ሠሩ። ለውጡም ከሩብ ሰዓት ያለፈ አልነበረም። ከዚያ ወሬው እየገነነ ሄዶ በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት ለሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ የክላሲካል ሲዲ እስከ ማደል ተደረሰ። እኔ ልጆቹን ሙዚቃ የማሰማቸው ለሒሳብ ውጤት አይደለም። ሒሳቡን በጠጠርና በባቄላ አስተምራቸዋለሁ። ሙዚቃውን የማሰማቸው የሚያምር ነገር ስለሆነ፣ የራሳቸውም ስለሆነ ነው። ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

«ቫዮሊንና ፒያኖ የፈረንጅ ነው፤ ለእኛ ልጆች ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። የፈረንጅ መሣሪያዎች ወደ አገራችን ከገቡ ቆይተዋል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የሚባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ። የነፋስ መሣሪያ ባንዳቸው የአዲስ አበባን ጆሮ አስለምዷል። ወደ እኛ ስንመጣ ደግሞ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አሉ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩ ናቸው። ከዚያ ሁሉ በኋላ መንነው የገቡት የት ነው? እዚሁ አምባሰል፣ ግሸን ማርያም ነው። አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው እዚያ ኖረዋል። ኋላ በፒያኖ የጻፉትን የሰማ ሰው የእኛን ዜማ ያገኘዋል። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ነው፤ 99 ዓመታቸው ነበር። መስከረም 21 ግሸን የሚሄደው የደሴ ሰው ስንቱ ይህን ያውቃል?

ፒያኖ ተጫዋቹን ግርማ ይፍራሸዋንም ልጥቀስ። በልጅነቱ የጀመረው በክራር ነው። ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ፣ ያሬድ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከዚያ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ሄዶ ተማረ። ዛሬ የአውሮፓን ሙዚቃ በሚጫወትበት ጣት ለፒያኖ የጻፈውን «አምባሰል» ይጫወታል። ክራሩ ለፒያኖው መንገድ ጠረገለት እንጂ አልከለከለውም። ስለዚህ ልጆቻችን ሁለቱንም ባንድ በረንዳ ላይ ቢሰሙ ምን ችግር አለው?

ከሃይማኖት አንጻር የሚጨነቁ ወላጆችም አሉ፤ መጨነቃቸውን አከብራለሁ። አንዲት አያት «እቴ፣ ለእኛ ልጅ መንዙማው ይበቃታል» ብለውኛል። የእኔም ልጆች በማኅሌት ያደጉ ናቸው። መንዙማና ማኅሌት አምልኮ ናቸው፤ ከኮንሰርት ጋር አልደባልቃቸውም። ያልፈለገ ወላጅ ልጁን አያምጣ፤ ማንም አይቀየመውም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። በዚህ ከተማ የአራት ዓመት ልጅ መንዙማ ሲባል ከአያቱ ጉያ ሆኖ፣ ሌላው ደግሞ ሌሊት ከበሮና ጸናጽል እየሰማ፣ ረጅም ሰዓት ተቀምጦ ያዳምጣል። እንግዲህ ልጆቻችን መቀመጥና ማዳመጥ አይችሉም የሚለው ከየት መጣ?

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። ሮበርት ማየር የሚባል ነጋዴ ኒውዮርክ ውስጥ ለልጆች የሚዘጋጅ ኮንሰርት አይቶ ወደደው። ከባለቤቱ ከዶረቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1923 ለንደን ላይ የልጆች ኮንሰርት ጀመረ። ሌናርድ በርንስታይን የሚባል የኦርኬስትራ መሪ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1972 ኒውዮርክ ውስጥ ከነሙሉ ኦርኬስትራው ለልጆች 53 ዝግጅት አቅርቧል፤ በቴሌቪዥንም ይተላለፍ ነበር። ልጆቹን እንደ ትልቅ ሰው ቁም ነገር እያወራ ነው የሚያሰማቸው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሩሲያው የሙዚቃ ደራሲ ፕሮኮፊየቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ለሞስኮ የልጆች ቲያትር «ጴጥሮስና ተኩላው» የሚል ተረት በሙዚቃ ጻፈ። እያንዳንዱ ፍጡር የራሱ መሣሪያ አለው። ወፏ ፍሉት ናት፣ ዳክዬዋ ኦቦ፣ ድመቷ ክላሪኔት፣ አያትየው ባሱን፤ ሁሉም የሚነፉ መሣሪያዎች ናቸው። ተኩላው ሲመጣ ሦስት ሆርን ይነፋል። ጴጥሮስ ራሱ የቫዮሊኖቹና የሌሎቹ ባለ አውታር መሣሪያዎች ድርሻ ነው። ተራኪው ሲተርክ መሣሪያዎቹ ይከተሉታል። ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ልጅ ተረቱን ሲከታተል መሣሪያዎቹን ሳያውቀው ይለያቸዋል።

ይህን እኛ በራሳችን ተረትና በራሳችን መሣሪያ ብንሠራውስ? ተረት በወሎ ሞልቷል። እረኛው ዋሽንት ይሁን፤ ዱሮም ዋሽንት የእረኛ ነው። ጦጣዋ ክራር ትሁን፣ ከገመድ ገመድ ትዘላለች። አያትየው ማሲንቆ ይሁኑ። ጅቡ ሲመጣ ከበሮ ይመታ። የደሴ ልጅ ጅብን ማታ ማታ ከጦሳ ተራራ በኩል ስለሚሰማው ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። እኛ ትምህርት ቤት በከፊል ሞክረነዋል። ከበሮው ሲመታ ልጆቹ እርስ በርስ ተቃቅፈው ጮሁ፤ ሲያበቃ «ይደገም» አሉ። ቫዮሊን ተጫዋቹ ደግሞ ነፋሱ እሆናለሁ ብሎ ነፋሱ ሆነ። በጣም ያምር ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አዳራሽ ያላችሁ ሰዎች፣ ወሎ ባህል አምባም ይሁን የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ለልጆች ክፈቱልን። ጠዋት ላይ አዳራሽ ባዶውን ነው የሚውለው። ዝግጅቱ ከ35 ደቂቃ አይርዘም። ልጆቹ ወንበር ላይ ሳይሆን ከፊት ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ፤ ከትልልቅ ሰው ጀርባ ሆነው ምንም አያዩም። የሚያለቅስ ልጅ ካለ እናቱ ይዛው ወጣ ብላ ትመለስ፤ በሩ ይከፈትላት። ማይክ የሚያስፈልገው ካለ ለተራኪው ብቻ ይሁን። መጨረሻ ላይ ልጆቹ መሣሪያውን የሚነኩበት ጊዜ ይሰጣቸው፤ ይህ እንዳይቀር እለምናለሁ።

ተጫዋቾቹ ይከፈላቸው። ይህን በደንብ አስምሬ እናገራለሁ። አባባ እኛ ዘንድ የመጡት ለምርቃት ብቻ ነው። ማሲንቆ ግን መተዳደሪያቸው ነው። ለሠርግ የሚከፈላቸው ሰው ለልጆችም ሊከፈላቸው ይገባል። ለልጅ መጫወት ደግሞ ከሠርግ ይከብዳል፤ ልጅ በይሉኝታ አያጨበጭብም።

የኮምቦልቻ ፋብሪካ ባለቤቶችና የደሴ ነጋዴዎች፣ ማየርም እንደ እናንተ ነጋዴ ነበር። የሠራተኛ ሰርቪስ አውቶቡስ ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ለልጆች አውሱን። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለትልቅ ሰው ቅርብ ነው፤ ለአንዲት እናት ግን ሁለት ልጅ ይዛ በሚኒባስ ያንን ዳገት መውጣት ወጪውም ድካሙም ቀላል አይደለም። ወይም ተጫዋቾቹ ይውረዱ፤ አንድ ወር ደሴ፣ አንድ ወር ኮምቦልቻ ይሁን።

ወላጆችም አብሽሩ። ልጃችሁ ተነስቶ ቢወዛወዝ፣ ጮክ ብሎ ቢጠይቅ አትፈሩ። ማዳመጡ ነው። ስልካችሁን ብቻ ኪሳችሁ ክተቱት። በበረንዳችን ቀን ግማሹ ወላጅ ልጁን ሲቀርፅ ነበር የዋለው፤ ልጁ ደግሞ ዞር እያለ ስልኩን ያይ ነበር። ልጁ የሚያየው መሣሪያውን ይሁን።

እኛ ሁለተኛውን ዝግጅት ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ እዚያው በረንዳችን ላይ እናደርጋለን። የሌላ ትምህርት ቤት ልጆችም መምጣት ይችላሉ፤ ምንጣፍ እንጨምራለን። አባባ ይመጣሉ፤ በዚህኛው ክፍያቸውን ወላጆች አዋጥተናል። ቫዮሊን ተጫዋቹ ወደ ትምህርቱ ስለተመለሰ በእሱ ቦታ ዋሽንት የሚጫወት አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አግኝተናል። ክራር ግን ገና አላገኘንም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያላችሁ ክራር ተጫዋቾች አድራሻችሁን በዝግጅት ክፍሉ በኩል ብትልኩልን እኔ ራሴ መጥቼ አነጋግራችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአፀደ ሕፃናት መምህርት
ከደሴ